ከሴራሚኩ ሥር የከሰለችው ጣውላ

ጎተራ ሲባል ዛሬ በብዙ ሰው ልቡና የሚሣለው ማሳለጫው ነው፤ መኪናው ከላይና ከታች እንደ ጥልፍ ክር እየተጠላለፈ የሚያልፍበት፣ እንግዳ ሰው በየት ገብቶ በየት እንደሚወጣ ለማወቅ አንገቱን የሚያዞርበት ሥፍራ። ከዚያ ግርግር ጥቂት ገባ ብሎ፣ በኮንዶሚኒየሙ ሕንጻዎች ጥላ ሥር ተሸሽጋ የቀረች፣ መሠረቷ ድንጋይ፣ ወለሏ ጣውላ፣ ጣሪያዋ ቆርቆሮ የሆነች አንዲት አሮጌ ቤት አለች፤ የአክስቴ ቤት ናት። ባለፈው ዓመት ለፋሲካ ቤቱን ለማጽዳት ዕቃ ስናወጣና ስናገባ፣ አክስቴ ከሃያ ዓመት በላይ ጧትና ማታ ቡና ሲያፈሉበት የኖሩትን የከሰል ምድጃ ከነማረፊያው አነሣነው። ማረፊያው አንዲት ሴራሚክ ነበረች፤ ከጎረቤት መታጠቢያ ቤት ሥራ የተረፈች፣ በማዕዘኗ ሰማያዊ አበባ የተሣለባት፣ ምድጃ ባለበት የአዲስ አበባ ቤት ሁሉ እኅቷ የማትታጣ። ሴራሚኳ አልተሰነጠቀችም፣ አልጠቆረችም፤ በእርጥብ ጨርቅ ቢያብሷት እንደ አዲስ ታበራ ነበር። ከሥሯ ያለው ጣውላ ግን፣ ልክ በምድጃው ግርጌ መጠን፣ የጣባ ያህል ክብ ሆኖ ከስሏል። የቢላዋ ጫፍ ሰካሁበት፤ በውኃ እንደ ራሰ ዳቦ እስከ ጣት አንጓ ድረስ ገባ።

«እኔ እኮ ሴራሚኩ እሳቱን ይዞልኛል ብዬ ነው በሰላም የምተኛው» አሉ አክስቴ፣ ነጠላቸውን ወደ አፋቸው አስጠግተው።

«ፍሙንማ ይዞልዎት ነበር፣ እትዬ፤ ሙቀቱን ነው ያልያዘልዎት» አልኳቸው።

ይህን ስል የተናገርሁት ነገር ምን ያህል እንደሚያስኬድ እኔም በቅጡ አላስተዋልሁትም ነበር። በኋላ ግን ከአንድ ግንበኛ ጋር ሆነን ለምድጃው የሚገባውን መቀመጫ ስንሠራለት፣ በጣውላ ወለል ላይ እሳት ማኖር ከአፈር ወለል ላይ እሳት ከማኖር እጅግ የተለየ ጥበብ የሚሻ ነገር መሆኑን፣ እኛ የከተማ ሰዎች ወለላችንን ስንለውጥ የእሳት ልማዳችንን ሳንለውጥ የቀረን መሆናችንንም ተረዳሁ።

በአያቶቻችን ቤት ጥያቄው አልነበረም። ሦስቱ ጉልቻ በጎጆው መካከል ወይም በጓዳው ጥግ በመሬቱ ላይ ይተከላሉ፤ መሬቱም በእበት ተለቅልቆ የጠነከረ ስለ ሆነ፣ ሙቀቱ ወደ ታች ቢወርድ የሚወርደው ወደማያልቅ ጥልቀት ነው፤ ምድር የተሰጣትን ሙቀት ሁሉ ተቀብላ ታበርደዋለች። ጉልቻ ቢለዋወጥ ወጥ አያጣፍጥም ብለው የተረቱት አበው ከጉልቻው ሥር ስላለው ነገር አንዳች ሳይናገሩ ማለፋቸው አያስገርምም፤ ከጉልቻው ሥር ያለው ምንጊዜም ያው መሬት ነበርና።

ከተማችን በ1879 ዓ.ም. ከተቆረቆረች ወዲህ ግን፣ መኳንንቱና የውጭ አገር ነጋዴው ሰገነትና ፎቅ ያለው ቤት ማሠራት ሲጀምሩ፣ የሕንድና የአርመን ባለሙያዎችም ከአገራችን አናጢዎች ጋር እየተጋገዙ ሲሠሩ፣ ወለሉ ከመሬት ብድግ አለና በአግዳሚ ላይ የተመታ ጣውላ ሆነ። የዚያን ዘመን አሠራር ለማየት የሚሻ ሰው በመስቀል አደባባይ አጠገብ ወዳለው፣ ዛሬ የአዲስ አበባ ሙዚየም ወደ ሆነው የራስ ብሩ ወልደ ገብርኤል ቤት መሄድ ይበቃዋል። ቀጥሎ ደግሞ ጣሊያን በ1928 ዓ.ም. ገብቶ ለሹማምንቱና ለጸሐፊዎቹ ቤት ሠራ፤ ካዛንቺስ የሚለው የሰፈር ስም ራሱ «ካዜ ኢንቺስ» ከሚለው የመጣ ሲሆን፣ «ካዜ» ቤቶች ማለት ነው፣ «ኢንቺስ» ለመንግሥት ሠራተኞች ቤት ይሠራ የነበረው የጣሊያን ተቋም ስም በአሕጽሮት ነው። ቤቱን የተረከበው አበሻ ግን ቡናውን የሚያፈላው እንደ ጥንቱ በከሰል ነበር፤ ወለሉ የሰለጠነ፣ እሳቱ የጥንት። ከእነዚህ ነባር ሰፈሮች ብዙው ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ በኮሪደር ልማቱ ሲፈርስና ነዋሪው ወደየአቅጣጫው ሲዛወር፣ ከጭነቱ መኪና ላይ ከአልጋውና ከቁም ሣጥኑ ጋር የከሰል ምድጃውም አብሮ ተጓዘ።

የቆየ የእንጨት ሥራ አንድ ጊዜ ከተያያዘ ምን እንደሚሆን ከተማው ጥር 3 ቀን 2007 ዓ.ም. አይቶታል፤ በፒያሳ በሚገኘው፣ እቴጌ ጣይቱ ባሠሩት ሆቴል ላይ በዚያ ዕለት የደረሰው ቃጠሎ የመቶ ዓመት ቅርስ የነበረውን ክፍል በሰዓታት ውስጥ አመድ አደረገው። የዚያ ቃጠሎ ነገር ለብቻው ነው፤ እኔ የምናገረው ግን ከነበልባሉ ይልቅ ነበልባሉን ስለሚቀድመው፣ ጭስ ስለሌለው፣ ሽታም ስለሌለው ዝግተኛ ነገር ነው።

እሳት ኃይሉን ወደ ሌላ ነገር የሚያሻግርባቸው ጎዳናዎች ሦስት ናቸው፤ አንዱ በመንካት፣ ሁለተኛው በሚሞቅ አየር፣ ሦስተኛው በጨረር ነው። የጀበና ቡና ለማፍላት የተቀጣጠለ የከሰል ፍም 700 ዲግሪ ሴንቲግሬድን በቀላሉ ያልፋል። እንጨት ደግሞ በተለምዶ ነበልባል ይዞ ለመነሣት ከ250 እስከ 300 ዲግሪ የሚደርስ ሙቀት ይፈልጋል፤ በምድጃና በወለል መካከል አንዲት ሴራሚክ ካለች ጣውላው እዚያ ድረስ አይደርስም ብሎ ሰው ይጽናናል፤ በአንድ ቀን ጉዳይ እውነት ነው። የእንጨት ጠባይ ግን ክፉ ትዕግሥት አለው። ከ100 ዲግሪ ጥቂት በሚበልጥ ሙቀት በየቀኑ እየተጠበሰ ዓመታት ሲቆይ፣ አስቀድሞ በውስጡ ያለው ርጥበት ይሸሻል፣ ከዚያ ቡናማ ይሆናል፣ ከዚያ ቀስ በቀስ ይከስላል፤ ይህ ያለ ነበልባል የከሰለ እንጨት ደግሞ እንደ ስፖንጅ ቀዳዳ የበዛበትና አየር የሚያስገባ ስለ ሆነ፣ ጤነኛ ጣውላ ከሚነድበት ሙቀት ባነሰ ሙቀት ፍም ለመያዝ የተዘጋጀ ነው። በየማለዳው ቡና የሚያፈላ ሰው፣ ሳያውቀው፣ ከምድጃው ሥር ሌላ ከሰል እያከሰለ ነው ማለት ነው። ስለዚህም በአሜሪካ የእንጨትን ነገር የመረመሩ ሊቃውንት እንጨት ለረጅም ዘመን ከ77 ዲግሪ በላይ በሆነ ሙቀት አጠገብ እንዳይኖር መክረዋል። ሰባ ሰባት ዲግሪ፤ በአዲስ አበባ ከፍታ ውኃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ግድም ነውና፣ ከጀበናው ውኃ ያነሰ ሙቀት ነው።

ሴራሚክስ? እርሱ ከሸክላ ጭቃ ተሠርቶ ከ1000 ዲግሪ በላይ በሆነ እቶን ውስጥ የተተኮሰ፣ የእሳት ልጅ ነው፤ እንደ ሠለስቱ ደቂቅ ከእቶን ሳይጎዳ የወጣ ስለ ሆነ ከሰል አያስፈራውም። ነገር ግን ራሱ አይቃጠልም ማለት ከሥሩ ያለውን ያድናል ማለት አይደለም። ውፍረቱ አንድ ሴንቲሜትር እንኳ አይሞላም፤ ሙቀትንም ከጣውላ ይልቅ በብዙ እጥፍ አፍጥኖ ያሳልፋል፤ ከዚያም በላይ በጣውላው ላይ ተጣብቆ ስለሚቀመጥ ጣውላው የተቀበለውን ሙቀት ወደ አየር የሚመልስበትን በር ይዘጋበታል። ስለዚህ ሴራሚክ ለምድጃ መቀመጫ ፊቱ ነው፤ ፍም ቢወድቅበት የሚጠረግ፣ ቡና ቢገነፍልበት የሚታበስ ያማረ ፊት። ጋሻውን ከሥሩ መፈለግ ያስፈልጋል።

ይህን እያሰላሰልሁ ሳለ በልጅነቴ ሲነበብ የሰማሁት የኦሪት ዘጸአት 27ኛ ምዕራፍ ትዝ አለኝ። በዚያ የተነገረው መሠዊያ ርዝመቱም ወርዱም አምስት አምስት ክንድ፣ ከፍታው ሦስት ክንድ ሆኖ ከግራር እንጨት የሚሠራ፣ በናስ የሚለበጥ፣ ውስጡም ባዶ የሚሆን ነው፤ የመሥዋዕቱ እሳት ሳይጠፋ በሚነድበት ነገር ላይ እንጨት መታዘዙ አንባቢን ያስደንቃል፤ ናስ ደግሞ ሙቀትን ከሴራሚክም አብልጦ የሚያሳልፍ ማዕድን ነው። ከተርጓሚዎች ወገን፣ በዚያው መጽሐፍ በ20ኛው ምዕራፍ የአፈር መሠዊያ መታዘዙን መሠረት አድርገው፣ ባዶው የመሠዊያው ውስጥ እስራኤል ባረፉበት ቦታ ሁሉ አፈር ይሞላበት ነበር የሚሉ አሉ። እንዲህ ከሆነ እሳቱ የሚነደው በአፈሩ ላይ ነው፤ እንጨቱ የአፈሩ ሣጥን፣ ናሱም የሣጥኑ ልብስ ነበር። ተአምሩን ለባለቤቱ ትተን በግንበኛ ዓይን ብናየው እንኳ ሥራው ያስኬዳል። ቤተ ክርስቲያናችን ደግሞ ነገሩን በሌላ መንገድ አቅልላዋለች፤ የዕጣኑ ፍም በጽና ውስጥ ሆኖ በሰንሰለት ተንጠልጥሎ በካህኑ እጅ ይዞራል እንጂ ከምንጣፉ ላይ አያርፍም።

ከእኛ እጅግ የራቁት ጃፓኖችም በጣውላና በሣር ምንጣፍ ቤት ውስጥ በከሰል ሲሞቁ የኖሩ ሕዝብ ናቸው፤ ሂባቺ የሚሉትን የፍም ማኖሪያ እስከ አፉ ጥቂት እስኪቀረው በአመድ ይሞሉታል፤ ፍሙ የሚቀመጠው ከአመዱ ላይ ነው። አመድ በቅንጣቶቹ መካከል ብዙ የቆመ አየር ስለሚይዝ ሙቀትን በቀላሉ አያሳልፍም። እናቶቻችን ይህን ያውቁታል፤ የማታውን ፍም በአመድ ዳፍነው ለጧት የሚያሳድሩት በከፊል በዚሁ ጠባዩ ነው። ልዩነቱ፣ የእኛዎቹ አመዱን ከፍሙ በላይ አደረጉት፣ ጃፓኖቹ ከፍሙ በታች።

እንግዲህ አየር ነው ቁልፉ፤ የቆመም ቢሆን፣ የሚነፍስም ቢሆን። ይህን ሳስብ ደግሞ የሰፈሩ ስም ራሱ ሳቅ አጫረብኝ። ጎተራ ጎተራ የተባለው እህል ከሚከማችበት ስለ ሆነ ነው፤ በገጠር ያለው የባላገር ጎተራ ደግሞ ተጠልፎ በጭቃና በእበት ከተመረገ በኋላ በድንጋይ ወይም በእንጨት እግር ላይ ብድግ ተደርጎ ይቀመጣል፤ ከሥሩ ነፋስ እንዲያልፍ፣ የመሬቱ ርጥበት ወደ እህሉ እንዳይወጣ። ባላገሩ ከታች የሚመጣውን ርጥበት የከለከለበት ብልሃት፣ ከላይ የሚወርደውን ሙቀት ለመከልከልም ይኸው ያገለግላል። አክስቴ በጎተራ እየኖሩ ምድጃቸውን እንደ ጎተራ ሳያቆሙት ሃያ ዓመት አለፈ።

ወደ ሥራው ልግባ። በሰፈሩ ብዙ ቤት የገነቡ አንድ ሽማግሌ ግንበኛ ጠራንና ነገሩን አሳየናቸው፤ እርሳቸውም እንደ ልማዳቸው «ትንሽ ሲሚንቶ እናፍስበትና በላዩ ሴራሚክ እንለጥፍ» አሉ። እርጥብ ሲሚንቶ በቀጥታ ከጣውላ ላይ ሲፈስ ጣውላው ውኃውን ይጠጣና ያብጣል፣ በደረቀም ጊዜ ይኮማተራል፤ ሲሚንቶው ደግሞ ከእርሱ ጋር መኮማተር ስለማይችል ይሰነጠቃል፤ ያልተሰነጠቀ እንደ ሆነም ሙቀቱን ቀጥ አድርጎ ያወርደዋል። ይህን ስነግራቸው ቅር ቢላቸውም፣ ስለ ብሎኬት የመጣልኝን ሐሳብ ሳካፍላቸው ግን ፊታቸው በራ። ለዚህ ዓይነት ሥራ በአሜሪካ ደንብ ከተፈቀዱት መንገዶች አንዱ፣ አራት ኢንች የሚሆን ባለ ቀዳዳ ብሎኬት ቀዳዳዎቹ እየተገጣጠሙ ከዳር እስከ ዳር አየር እንዲያሳልፉ አጋድሞ ደርድሮ በላዩ ላሜራ ማልበስ ነው፤ አራት ኢንች ማለት ደግሞ በየሰፈራችን የሚሸጠው ባለ 10 ብሎኬት መሆኑ ነው።

አስቀድመን የከሰለውን ጣውላ ቆርጠን አወጣን። ከሥሩ ያለውን አግዳሚ ሞራሌ በመሮ ጫፍ መረመርነው፤ ገጹ ቡናማ ሆኖ ልቡ ጤነኛ ነበርና በእግዚአብሔር ቸርነት ነው አልን። በቦታው የደረቀ ጣውላ በብሎን አጠበቅን፤ በሚስማር ከሆነ ሲረገጥ ይወዛወዛል፣ የሚወዛወዝ ወለል ላይ ያለ ሴራሚክም ዕድሜ የለውም። ቀጥሎ የክብደቱ ነገር አሳሰበን። አንዱ ብሎኬት ዐሥር ኪሎ ግድም ነው፤ ዐሥር ብሎኬት፣ የሲሚንቶ ቡኮውና የሴራሚኩ ክብደት ሲታከልበት፣ ሁሉም ተደምሮ ወደ 160 ኪሎ ይደርሳል። በምሕንድስና ለመኖሪያ ቤት ወለል በካሬ ሜትር የሚታሰበው ጭነት 200 ኪሎ ግራም ግድም ነው፤ የእኛም መቀመጫ ከአንድ ካሬ ሜትር ያነሰ ስለ ሆነ፣ ሰው ሳይቆምበት ገና የወለሉን ድርሻ ሊጨርሰው ነው። ግንበኛው የዚህን መድኃኒት ያወቁት ሳይማሩ ነው፤ ወጣቱን ረዳታቸውን ከወለሉ ሥር በደረቱ እየሳበ እንዲገባ አዘዙትና፣ ከሞራሌው በታች ሁለት ድንጋይ ደርድሮ በመካከሉ የወይራ ሽብልቅ መታበት። ልጁ አቧራ ለብሶ ሲወጣ በእጁ አንዲት የጠፋች የብር ማንኪያ ይዞ ነበር፤ አክስቴ ከምድጃው ይልቅ በእርሷ ተደሰቱ።

ከዚያ ብሎኬቶቹን ያለ ቡኮ፣ በደረቁ፣ በሰፊ ጎናቸው አጋድመን አምስት አምስት አድርገን በሁለት ረድፍ ደረደርናቸው፤ ወርዱ 80 ሴንቲሜትር፣ ርዝመቱ 100 ሴንቲሜትር ሆነ። መጠኑ እንዲሁ የመጣ አይደለም፤ ምድጃው 30 ሴንቲሜትር ስለ ሆነ በግራና በቀኝ፣ በኋላም 25 ሴንቲሜትር ይተርፈዋል፣ በፊት በኩል ግን 45፤ ፍም የሚዘለው ሰው በሚያራግብበትና ከሰል በሚጨምርበት ወገን ነውና ሜዳው በዚያ በኩል ሰፊ መሆን አለበት። ብሎኬት ሲመርጡ ቀዳዳውን በዓይን ማሳለፍ ያስፈልጋል፤ በአንድ ወገን የተደፈነ አለና፣ እርሱ ለግድግዳ እንጂ ለዚህ አይሆንም። ዐሥሩም በቦታቸው ከተቀመጡ በኋላ ረዳቱ በአንዱ ወገን ተንበርክኮ የእጅ ባትሪ ሲያበራ፣ ብርሃኑ በእያንዳንዱ ቀዳዳ አልፎ በማዶው ታየ፤ ያ ካልታየ ሥራው ሁሉ ከንቱ ነበር።

በላዩ ላሜራ ለበሰ። ላሜራው የሚወድቀውን ሙቀት በስፋቱ ሁሉ ስለሚበትነው በምድጃው ልክ ብቻ እንዳይከማች ያደርጋል፣ የሚፈሰውንም ውኃ ወደ ታች አያሳልፍም። ከላሜራው በላይ የሽቦ መረብ ተነጥፎ ሁለት ሴንቲሜትር ተኩል ውፍረት ያለው ቡኮ ተደለደለ፤ በአሸዋ ፈንታ በደንብ የተነፋ ቀይ አሽ እንዲቀላቀልበት የጠየቅሁት እኔ ነኝ። ቀይ አሽ ከቢሾፍቱ ኮረብቶች የሚቆፈር፣ ከጥንት እሳተ ገሞራ የተረፈ፣ አረፋ እንደ ሆነ የደረቀ ድንጋይ ነው፤ በሆዱ አየር ይዟል። ምርት የተባለው የእንጀራ ምድጃ ከሲሚንቶና ከእርሱ ዘመድ ከፑሚስ የሚሠራው ያለ ምክንያት አይደለም። ምድር በጥንት ዘመን በእሳት ያፈላችው ነገር ዛሬ እሳትን ለመከልከል ማገልገሉ ደስ የሚያሰኝ ነገር ነው፤ ግንበኛው ግን ቀይ አሹ ለመለሰኛቸው ሻካራ ሆነባቸውና እስከ ማታ አጉረመረሙ።

ሴራሚኩን በተመለከተ የማስጠነቅቀው ሦስት ነገር ብቻ ነው። ለግድግዳ የተሠራው ስስ ስለ ሆነ ለዚህ አይመረጥ፤ ከአንድ ትልቅ ገበታ ይልቅ ትንንሾቹ ይሻላሉ፣ ሙቀት ሲያሰፋቸው በመካከላቸው ያለው ስንጥቅ ያስተነፍሳቸዋልና፤ የሚለጠፉትም በሲሚንቶ እንጂ በኮላ አይሁን፣ ኮላ ሲሞቅ ይለቃል። በአራቱም ጠርዝ የብረት ክፈፍ አደረግን፤ የቀዳዳዎቹን አፍ ግን ማንም ለማሳመር ብሎ እንዳይደፍናቸው ለአክስቴ ልጆች አጥብቄ ተናገርሁ፤ ይህ ዓይነት ሥራ ከሚበላሽባቸው መንገዶች አንዱ ማሳመር ነው።

ሥራው ሲያልቅ መቀመጫው ከወለሉ 14 ሴንቲሜትር ያህል ከፍ ብሎ፣ በውኃ ልክ ተስተካክሎ፣ በጥጉ ላይ ያችው ሰማያዊ አበባ ያላት አሮጌ ሴራሚክ ተገጥማበት ቆመ፤ አክስቴ ዙሪያውን እየዞሩ አዩትና፣ «ምነው ልጄ፣ መንበረ ታቦት ሠራችሁልኝ እንዴ» ብለው አማተቡ። ግንበኛውም «እማማ፣ እንግዲህ ጫማ አውልቀው ነው የሚያፈሉት» አሏቸው።

ሲሚንቶ ጥንካሬውን የሚያገኘው በ28 ቀን ነው ብዬ እሳት እንዳይነድበት ብለምንም፣ አክስቴ በሳምንቱ ጀበና ይጥዱበታል ብዬ ፈርቼ ነበር፤ እግዚአብሔር ይስጣቸው፣ ታገሡ። በመካከሉ በየቀኑ ውኃ እየረጩ አኖሩት። የመጀመሪያዎቹም እሳቶች ትንንሽ ሆኑ፤ በውስጡ የቀረው ርጥበት በድንገት ወደ እንፋሎት ከተለወጠ ሴራሚኩን ያነሣዋልና።

በኮንዶሚኒየም የሚኖር አንባቢ ይህ ሁሉ እኔን አይመለከተኝም ይል ይሆናል፤ ወለሉ ኮንክሪት ነውና እስከዚህ ድረስ እውነቱን ነው። ነገር ግን በኮንክሪቱ ላይ ስስ የእንጨት ገበታ ያነጠፈ እንደ ሆነ ወደ አክስቴ ጎራ ገብቷል። ከሁሉ ይልቅ የሚያስገርመኝ ግን በካዛንቺስና በአካባቢው ባሉት አዳዲስ ሕንጻዎች መግቢያ የማየው ነው፤ የጀበና ቡና የሚሸጥበት ጥግ፣ ወለሉ የእንጨት መልክ ያለው ንጣፍ፣ በላዩ የፕላስቲክ ሣር፣ በሣሩ ላይ ምድጃ። ቄጠማው እንኳ ቢያንስ ሲቆረጥ እርጥብ ነበር! ለዚያ ጥግ የሚያስፈልገው ብሎኬት ሳይሆን ሣሩን ጠቅልሎ ማንሣት ነው።

ጭስ ማውጫ ያለው ትልቅ የእንጨት ማገዶ ምድጃ ለሚያስተክል ሰው ደግሞ ከወለሉ ይልቅ ግድግዳው ይብሳል፤ ግድግዳው ጣውላ ከሆነና መከለያ ከሌለው 90 ሴንቲሜትር ግድም መራቅ አለበት። ከከሰል የሚወጣውን፣ ሽታ የሌለውን መርዘኛ ጋዝ ደግሞ የትኛውም መቀመጫ አይከለክለውም፤ መስኮት ይከፈት፣ ምድጃው በር ተዘግቶ ከሚተኛ ሰው ጋር አይደር። የከተማው እሳት አደጋ ስልክ 939 ነው።

የቀረኝ አንድ ነገር፣ ሥራው በእርግጥ ይሠራል ወይ የሚለውን ማወቅ ነበር። የሙቀት መለኪያ ልግዛ ስል አክስቴ ሳቁና ከቤተ ክርስቲያን ካመጡት ጧፍ ቁራጭ ሰጡኝ። የንብ ሰም የሚቀልጠው በ62 ዲግሪ ግድም እንደ ሆነ አስታወስሁ፤ ከ77ቱ ዲግሪ አስቀድሞ ይቀልጣል ማለት ነው። አክስቴ ሰሙን በአውራ ጣታቸው ጠፍጠፍ አድርገው በሽቦ ጫፍ አጣበቁልኝና፣ ከምድጃው ትክክል ባለው ቀዳዳ እስከ መካከሉ ድረስ አስገብቼ ከጣውላው በላይ ያረፈውን የብሎኬቱን የታች ገጽ አስነካሁት። ከዚያ ከሰሉ ተቀጣጠለ፣ ቡናው ተቆላ፣ ጎረቤት ተጠራ፤ አቦል ተጠጣ፣ ቶና ተጠጣ፣ የሰፈሩ ወሬ ሁሉ ተነሥቶ ወደቀ፤ በረካው እስኪወርድ ሁለት ሰዓት ተኩል ሆነ። በላይ ሴራሚኩ መዳፍ አያስቀምጥም ነበር። ሽቦውን ቀስ ብዬ ሳብሁትና ወደ መስኮቱ ብርሃን አቀረብሁት፤ ሰሙ ለስለስ ብሏል፣ የአክስቴ የአውራ ጣት አሻራ ግን እስከ መስመሩ ይታይበት ነበር።